ፎቶው ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ለምን ይገረጣል?

ከተማሪዎቼ አንዷ እናቷ የሚሸጧቸውን የሀበሻ ቀሚሶች ፎቶ እያነሳች ድረ ገጽ ላይ ታወጣለች። ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ልብሱን በእጃቸው ሳይዳስሱ ፎቶውን ብቻ አይተው ነው የሚያዝዙት። አንድ ቀን ላፕቶፗን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ፎቶው ተበላሸብኝ» አለችኝ። ፎቶሾፕ ውስጥ የቀሚሱ ጥለት ገና የተፈጨ በርበሬ የመሰለ ቀይ ነው። ድረ ገጹ ላይ ግን ቀዩ ወደ ሸክላ አዘንብሏል፤ ቀሚሱን የለበሰችው ልጅ ፊትም ጠይምነቱ ሄዶ አመድማ ሆኗል።

ከድረ ገጹ ያወረድነውን ቅጂና ዋናውን ፋይል ጎን ለጎን ከፈትን። ጥለቱ ላይ አንዲት ነጥብ መርጠን የቀለሟን ቁጥር አነበብን። እዚህም እዚያም ቁጥሩ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ያው ከሆነ ቀለሙ እንዴት ተለየ?

ቁጥር ብቻውን ቀለም አይደለም

ዲጂታል ፎቶ የነጥቦች ክምችት ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ቁጥር ትይዛለች፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። በተለመደው ጄፔግ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ችግሩ «ቀይ 219» የሚለው ቁጥር የትኛውን ቀይ ማለቱ እንደሆነ በራሱ አይናገርም።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ይህን ችግር በሰዓት ያውቀዋል። «ቀጠሯችን 3 ሰዓት ነው» ብላችሁ ጻፉ እንበል። እኛ ዘንድ 3 ሰዓት ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ለለመደው ዘመዳችሁ ግን 3 ሰዓት እኛ ከሌሊቱ 9 የምንለው፣ ዶሮ ሳይጮህ ያለው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አልተሳሳተም። የጎደለው «በእኛ አቆጣጠር» የምትለው ሐረግ ናት።

ፎቶ ላይ የዚያችን ሐረግ ሥራ የሚሠራው የቀለም ፕሮፋይል ይባላል። ፋይሉ ውስጥ አብሮ የሚቀመጥ ትንሽ መረጃ ነው፤ ቁጥሮቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉ ለሚከፍታቸው ፕሮግራም ይነግራል። የፕሮፋይልን ደንብ የሚያወጣው አይሲሲ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በስምንት ኩባንያዎች የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቀለም ጥምረት ነው። ልብ በሉ፣ አሁን የጻፍኳት «እ.ኤ.አ.» ራሷ ፕሮፋይል ናት። እሷ ብትወድቅ 1993 የትኛው 1993 እንደሆነ አንባቢ በግምት ነው የሚደርስበት።

ሦስቱ አቆጣጠሮች

በሥራችን በብዛት የሚያጋጥሙን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ኤስአርጂቢ ነው። ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 አቀረቡት፤ በ1999 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። የተቀረጸው በዚያ ዘመን ጠረጴዛ ላይ በነበሩት ባለ ቱቦ ሞኒተሮች ልክ ስለሆነ የሚይዘው የቀለም ስፋት ጠበብ ይላል። የኢንተርኔት መደበኛ አቆጣጠር ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አዶቤ አርጂቢ ነው። ለኅትመት ታስቦ የተሠራ ሲሆን በተለይ በአረንጓዴው በኩል ይሰፋል። ሦስተኛው የአፕል ዲስፕሌይ ፒ3 ነው፤ ከኤስአርጂቢ ሩብ ያህል ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አይፎን 7 ጀምሮ የአይፎን ካሜራ ፎቶ የሚያስቀምጠው በዚህ ነው። ስለዚህ «እኔ በስልክ ነው የማነሳው፣ ይህ አይመለከተኝም» የሚል ሰው ካለ ይመለከተዋል።

በቁጥር እንየው

ኤስአርጂቢ ሊጽፈው የሚችለው ከሁሉ የደመቀ ንጹሕ ቀይ 255፣ 0፣ 0 ነው። ያንኑ ቀይ ምንም ሳንለውጥ በአዶቤ አርጂቢ ብንጽፈው 219፣ 0፣ 0 ይሆናል። የአዶቤ አርጂቢ መለኪያ ረዘም ስለሚል ያው ቀለም ዝቅ ያለ ቁጥር ላይ ይውላል። በዲስፕሌይ ፒ3 ደግሞ 234፣ 51፣ 35 ይሆናል። ሦስቱም አንድ ቀይ ናቸው።

አሁን ከአዶቤ አርጂቢው ፎቶ ላይ ፕሮፋይሉ ወደቀ እንበል። ብሮውዘሩ 219ን ያነባል። በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ የሚነግረው ስለሌለ ኤስአርጂቢ ነው ብሎ ይወስዳል። የኤስአርጂቢ 219 የሚሰጠው ብርሃን ደግሞ 255 ከሚሰጠው 71 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከቀዩ ብርሃን 30 በመቶ የሚጠጋው እዚያው ቀረ። የተማሪዬ ጥለት ሸክላ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊት ላይ ሲሆን እኔን ይበልጥ ያሳዝነኛል። የጠይም ቆዳ ሙቀቱ ያለው ቀዩ ውስጥ ነው። ቀዩ ሲቀንስ ፊቱ ወደ አረንጓዴና ወደ አመድ ይሄዳል፤ ጤነኛ ሰው ታሞ የተነሳ ይመስላል። ገርጥቶ የወጣ ቀሚስ ቢበዛ ዕቃ ያስመልሳል። ሙሽራን በሰርጓ ፎቶ ላይ አመዳም አድርጎ ለዘመድ ሁሉ ማሳየት ግን በደል ነው።

ሐረጓ የምትወድቀው የት ነው?

አንዳንዴ ገና ካሜራው ላይ። ካሜራችሁ ሜኑ ውስጥ የቀለም ምርጫ አለ፤ ኤስአርጂቢ ወይም አዶቤ አርጂቢ። በካኖንና በኒኮን ካሜራዎች አዶቤ አርጂቢ ከተመረጠ የፋይሉ ስም በታች ሰረዝ ይጀምራል፤ ሜኑውን ሳትከፍቱ በዚህ መለየት ትችላላችሁ። ብዙ ካሜራዎች በአዶቤ አርጂቢ ያነሱት ጄፔግ ውስጥ ሙሉውን ፕሮፋይል አያስገቡም፤ ትንሽ ምልክት ብቻ ይተዋሉ፣ ብሮውዘሮች ደግሞ ያንን ምልክት በአብዛኛው አያዩትም። ስለዚህ በጄፔግ የምታነሱ ከሆነ ካሜራውን ኤስአርጂቢ ላይ አድርጉት። በሮው የምታነሱ ከሆነ ይህ ምርጫ ሮው ፋይሉን አይነካውም፤ ውሳኔው ኤክስፖርት ስታደርጉ ነው።

ብዙውን ጊዜ ግን የምትወድቀው ድረ ገጹ ላይ ነው። ፎቶ ስትጭኑ ሲስተሙ አሳንሶ ሌላ ቅጂ ይሠራል፤ ክብደት ለመቀነስም ፋይሉ ውስጥ ያለውን ተጨማሪ መረጃ ሁሉ ይጠርጋል። የተለመደው የኤስአርጂቢ ፕሮፋይል 3 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ከትልቅ ፎቶ ጎን ኢምንት ነው፣ ግን ጠራጊው ፕሮግራም የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው አይለይም። የተማሪዬንም ፎቶ ያገኘው ይህ ነው። ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ምስል የሚያሳንሰው ፕሮግራማችሁ መጀመሪያ ወደ ኤስአርጂቢ እንዲለውጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲጠርግ አድርጉት።

ብሮውዘሩስ?

ድሮ ትልቁ ጥፋት የእሱ ነበር። የአፕሉ ሳፋሪ ፕሮፋይል በማንበብ ቀዳሚ ከሆኑት ነው። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው 3ኛ ዕትሙ ችሎታውን ቢያገኝም ተዘግቶ ነበር የሚመጣው፤ በ2009 በ3.5 ተከፈተ። ክሮምም ቆይቶ ተከተለ። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ፕሮፋይል ካለ ያነባሉ።

ልዩነት የሚመጣው ፕሮፋይል ሲጠፋ ነው። ሳፋሪና ክሮም ፕሮፋይል የሌለውን ፎቶ ኤስአርጂቢ ነው ብለው ያሳያሉ፤ ትክክሉም ይህ ነው። ፋየርፎክስ ግን ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያለውን ፎቶ ቁጥሩን እንዳለ ለስክሪኑ ሲያስረክብ ኖሯል። ስክሪኑ ሰፊ ቀለም የሚያወጣ ከሆነ አሁን ስህተቱ ይገለበጣል፤ ቀለሙ ከመጠን በላይ ይጮኻል፣ ፊት ብርቱካናማ ይሆናል። በፋየርፎክስ የውስጥ ማስተካከያ ገጽ ላይ የቀለም አያያዝ የሚለውን ቁጥር ከ2 ወደ 1 ብትቀይሩት ሁሉንም ያስተካክለዋል። ይህ ግን የሚጠቅመው እናንተን ብቻ ነው፤ የደንበኛችሁን ብሮውዘር ሄዳችሁ አታስተካክሉም። መፍትሔው ፋይሉ ውስጥ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

መለወጥና መሰየም

ፎቶሾፕ ውስጥ ሁለት ትእዛዞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይልና አሳይን ፕሮፋይል። ከማስተምራቸው ነገሮች ሁሉ ተማሪዎቼን እንደዚህ የሚያሳስታቸው የለም።

ወደ ሰዓታችን እንመለስ። «በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለውን «በፈረንጅ ከጠዋቱ 9 ሰዓት» ብላችሁ ስትጽፉ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ሰዓቱ ግን ያው ነው። ኮንቨርት ይህ ነው። 3ን እንዳለ ትታችሁ «በፈረንጅ» የሚል ብትጨምሩበት ደግሞ ቁጥሩ ሳይነካ ቀጠሮው ይዛባል። አሳይን የሚያደርገው ይህን ነው። ስለዚህ ለድረ ገጽ ስታዘጋጁ ኮንቨርት በሉ። አሳይን የሚያስፈልገው ፕሮፋይሉ የወደቀበት ፋይል እጃችሁ ሲገባና መነሻው ምን እንደነበር ስታውቁ ነው፤ ያኔ የጠፋውን ስሙን መመለሳችሁ ነው።

ፎቶሾፕ ኤክስፖርት አዝ የሚለው መስኮት ውስጥ ወደ ኤስአርጂቢ መለወጫና ፕሮፋይል መክተቻ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ሁለቱንም ምልክት አድርጉባቸው። ላይትሩም ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ከለር ስፔስ የሚለውን ኤስአርጂቢ አድርጉ። በነጻ የሚገኘው ጊምፕም ይህንኑ ይሠራል። ወደ ኤስአርጂቢ ተለውጦ የወጣ ፎቶ በመንገድ ላይ ፕሮፋይሉ ቢጠረግበት እንኳ፣ አብዛኛው ብሮውዘር ሲገምት የሚገምተው ኤስአርጂቢን ስለሆነ ቀለሙ ይተርፋል። ፎቶ በቴሌግራም የምትልኩም፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ አዲስ ቅጂ ይሆናል፤ ሳይነካ እንዲደርስ እንደ ፋይል ላኩት።

ስክሪኑ

የራሳችሁ ስክሪን የሚዋሽ ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው፤ በተዛባ ቀለም እያያችሁ ታስተካክላላችሁና። ከስክሪን ፊት ተንጠልጥሎ ቀለሙን የሚለካ መሣሪያ አለ። አንድ ስቱዲዮ ለብቻው መግዛት ቢከብደው ሦስት አራት ሆኖ ቢገዛው ይበቃል፤ በወር አንዴ ነው የሚያስፈልገው። እሱ እስኪገኝ ድረስ ቢያንስ ማታ ስክሪን የሚያቢጫውን ማስተካከያ አጥፉ፣ ብርሃኑንም እስከ ጫፍ አታድርሱት።

የተማሪዬን ፎቶ ከዋናው ፋይል ወደ ኤስአርጂቢ ለውጠን እንደገና ጫንነው። በርበሬው ቀይ ተመለሰ፤ የልጅቷም ፊት ተመለሰ። አሥር ደቂቃ አልወሰደም። እናንተም ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ለድረ ገጽ የሚሆን ቅጂ ለብቻው አውጡ። ልብስ የምትሸጡ ደግሞ፣ የደንበኛውን ስክሪን ማዘዝ ስለማትችሉ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት የጥለቱን ቀለም በቃል ጻፉለት፤ የሚሄድ ሰው ካገኛችሁም ከክሩ ቁራጭ ላኩለት።