የዕለትን ሥራ በሰርክ ስለ መቍጠር

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ከሚባለው ስፍራ፣ መረቡን ማታ ጥሎ ያደረ ዓሣ አጥማጅ ጎሕ ሲቀድ ያወጣውን ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባው ሲያራግፍ የድካሙ ፍሬ በዓይኑ ፊት ይቆለላልና «ምን ሠራሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ በሐዋሳ ከተማ ግን ቀኑን ሙሉ ፊደል ስታስቈጥር የዋለች መምህርት ወይም ሕሙማንን ስታስታምም የዋለች ነርስ፣ ሥራዋ የሚቆለልና የሚመዘን ስላይደለ፣ ሲመሽ ከፈጸመችው ይልቅ ያልፈጸመችው ብቻ በኅሊናዋ እየተመላለሰ ዕረፍት ይነሣታል።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማ ገጠርና ከአካባቢው የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ልብስ ይሰፋሉ። በልብስ ፋብሪካ ቍጥር አይጠፋም፤ ነገር ግን መዝገቡ የድርጅቱ ነውና፣ ከዚያ በፊት የስፌት መኪና ነክታ የማታውቅ ልጅ ኮሌታ ያለ እንከን መግጠም የቻለችበትን ቀን፣ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የተረፈውን ጥቂት ገንዘብ ለእናቷ የላከችበትን ቀን፣ ደክሟት ሳለ የማታ ትምህርቷን ያላስታጐለችበትን ቀን ራሷ ካልጻፈችው ማንም አይጽፍላትም።

ቴሬሳ አማቢሌና ስቲቨን ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በ7 ኩባንያዎች የሚሠሩ 238 ሰዎች በየሥራው ቀን ፍጻሜ የጻፉትን ወደ 12,000 የሚጠጋ የዕለት ማስታወሻ መርምረው፣ ሰውን ለሥራ ከሚያተጉት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ትርጉም ባለው ሥራ፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ወደ ፊት መራመድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ ገለጡ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ 669 የሥራ አለቆች ሠራተኛን የሚያተጋውን ነገር በደረጃ እንዲያስቀምጡ ቢጠየቁ፣ ይህንኑ ከሁሉ በታች ማኖራቸው ነው። አለቃ የማያየውን እርምጃ ባለቤቱ ራሱ ካላየው፣ እንዳልተራመደ ሆኖ ይቀራል።

የራስን ሥራ እንዲህ በሰርክ መቍጠር ከንቱ ውዳሴን መሻት ነው የሚል ቢኖር፣ ስጋቱ የሚከበር ቢሆንም ፍርዱን አልቀበልም፤ ከንቱ ውዳሴ የሰውን ጆሮ ይፈልጋልና፣ በጸሎተ ንዋም ሰዓት፣ ከራስ ጋር በጽሞና ተቀምጦ የተፈጸመውን ማሰብ ግን ከአኰቴት ወገን ነው፤ ኅሊናውን የሚመረምር ሰው በደሉን እንደሚያስብ ሁሉ የተሰጠውንም ኀይል ሊያስብ ይገባዋልና።

ነገር ግን የሚቈጠረው ፍሬው ብቻ አይሁን። መረቡ ባዶውን የወጣለት አጥማጅ የተበጠሰውን ሲጠግን ቢውል በከንቱ አልዋለም፤ ሥራ ፈላጊውም ወጣት «ሥራ አገኘሁ» ብሎ የሚጽፍበት ቀን ቢዘገይ እንኳ፣ «ዛሬ ማመልከቻዬን አስገባሁ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ዕድል በእጃችን አይደለም፤ ትጋት ግን በእጃችን ነው፤ ዕድሉን ብቻ የሚቈጥር ሰውም ተስፋ ለመቍረጥ ቅርብ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ መብራቱን ከማጥፋትህ በፊት ደብተርህን ግለጥና ከዕለቱ ቀን በታች የፈጸምኸውን አንድ ነገር ጻፍ፤ «ብዙ ደከምሁ» አትበል፤ የሠራኸውን ሥራ በስሙ ጥራው።