ለማስታረቅ ገብቶ ማጥፋት፦ ይቅርታ እንዴት ይጠየቃል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አስታራቂ ነው። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ያጠፋሁትን ነው የማካፍላችሁ።

እንደምታውቁት ኤደን ውስጥ ውሃ ችግር ነው። በሼክ ኡስማን በኩል በምንከራይበት ግቢ ቧንቧው ብዙ ቀን ሲደርቅ፣ እህቶቻችንና የመናውያን ጎረቤቶቻችን አንድ ላይ ሆነው አቤቱታ ጻፉ። ሐሙስ ጠዋትም ቢሮው በር ላይ ሊቆሙ ተስማሙ። እኔ ዓረብኛ ስለምችል ወረቀቱን አድርሼ መልስ እንዳመጣ ላኩኝ። ይኸው ብቻ ነበር።

ሹሙ በጥሩ ፊት ሲቀበለኝ ደስ አለኝና ከተላክሁበት አለፍኩ። "አይሰበሰቡም፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" አልኩት። "ማን ማን ናቸው?" ሲለኝ የሦስቱን ስም ነገርኩት። ለእህቶች ደግሞ "እናያለን" ያለውን "እሺ ብሏል" ብዬ አደረስኩ። ውሃው አልመጣም። ከሦስቱ አንዷ ኢቃማ የላትም፤ ስሟ መነገሩን ስትሰማ ሁለት ሳምንት ከማዳሟ ቤት አልወጣችም። እትዬ የምንላት ታላቃችን "አንቺ ልጅ፣ የላክንሽ ልታናግሪልን ነው ወይስ ልታስመዘግቢን?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ የታወቀ ምሳሌ ላምጣ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች፣ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች ከተመላለሱ በኋላ ሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። በኋላ ግን ይቅርታው እንዴት እንደተገኘ ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት ተለያየ። ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስዊድን አገር ስለዚሁ በመናገራቸው ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ፤ የተፈቱት መስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። ማን ምን እንዳለ አንድ ዓይነት ካልተያዘ፣ ዕዳው የሚወድቀው መሀል በቆመው ላይ ሳይሆን በባለጉዳዩ ላይ ነው።

እኔ የተማርኩት ይህን ነው፦

1. መጀመሪያ ለተጎዳው። ከሹሙ በፊት ለእህቶች፣ ከሁሉም በፊት ለተደበቀችው ሄጄ ነገርኩ።

2. ጥፋትን በስሙ መጥራት። "ካስቀየምኳችሁ ይቅርታ" አይበቃም። "ሳልጠይቃችሁ ስማችሁን ሰጠሁ፤ ያላለውንም አለ አልኩ" ማለት ነው።

3. "ለእናንተው ብዬ ነው" አለማለት። እሱ ይቅርታ ሳይሆን ክርክር ነው።

4. በሄዱበት መንገድ ተመልሶ ማቅናት። ቢሮው ገብቼ "አይሰበሰቡም ያልኩት የራሴ ቃል ነው፣ የእነሱ አይደለም" አልኩት። ስም ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ አልቻልኩም።

5. ቦታውን መልቀቅ። አሁን ሁለት ሰው ይላካል፣ መልሱም እዚያው ይጻፋል።

ያቺ እህት ሰላም ትለኛለች እንጂ እስካሁን ቡና አትጠራኝም። መብቷ ነው። መጠየቅ የኔ ነው፣ ይቅር ማለት የሷ።

ለውይይት፦ በማዳምና በእህታችን መካከል ስናስተረጉም ያልተባለ ቃል ጨምረን እናውቃለን? ዕዳውንስ ማን ከፈለ?