ደንበኛዎ በየትኛው «ሀ» ይጽፋል?

ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ እናስብ። ጥበቡን ከሸማኔ ተቀብላ ታሰፋለች፣ በቴሌግራም ትሸጣለች። ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ ደንበኞቿ ሲበዙ ገንዘብ አውጥታ ድረ-ገጽ አሠራች። ሦስት ወር ሆነው። የሱቋን ስም ጎግል ላይ ስትጽፍ ይወጣል፤ «የሐበሻ ቀሚስ» ብላ ስትፈልግ ግን የለችም። ድረ-ገጹን የሠራላት ልጅ «ማስታወቂያ መክፈል አለብሽ» አላት። ከመክፈሏ በፊት ግን በነጻ ልታየው የሚገባ ነገር አለ።

ጎግል የማስታወቂያ ቦታ ይሸጣል እንጂ ከማስታወቂያው ውጭ ያለውን የፍለጋ ውጤት አይሸጥም። ሮቦቱ ከገጽ ወደ ገጽ እየተጓዘ ያነባል፣ ያነበበውን በመዝገብ ያሰፍራል፣ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ ከመዝገቡ መርጦ በደረጃ ያቀርባል። ስለዚህ ያልታየ ገጽ ወይ አልተነበበም፣ ወይ ተነቦ አልተመዘገበም፣ ወይ ተመዝግቦ ከኋላ ተሰልፏል። የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ነጻ መሣሪያ ጎግል ሰርች ኮንሶል ይባላል፤ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ዌብማስተር ቱልስ ሲባል የቆየው ነው።

ለመጀመር የድረ-ገጹ ባለቤት መሆንዎን ማረጋገጥ ብቻ ይጠበቅብዎታል። ጎግል የሚሰጠውን ኮድ በገጹ ውስጥ ወይም ዶሜይኑ በተገዛበት ቦታ ያስገባሉ። ይህን የሚያደርግልዎ ባለሙያ ቢሆንም እንኳ በራስዎ ጂሜይል ይከፈት፤ ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ መረጃው አብሮት እንዳይሄድ።

ከዚያ የአንዱን ገጽ አድራሻ ከላይ ባለው ሳጥን ይለጥፉ። ገጹ መዝገብ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይመልስልዎታል፤ ከሌለም ምክንያቱን ይጠቁማል። በዎርድፕሬስ በተሠሩ ገጾች ላይ የሚያጋጥም አንድ ምክንያት አለ፤ ገጹ ገና ሲሠራ ፈላጊዎች እንዳያዩት ተብሎ ምልክት የተደረገባት ትንሽ ሳጥን ሥራው ካለቀ በኋላ ተረስታ ትቀራለች። ምልክቱን ማንሳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ የተባለ ፋይልም እዚያው ያስገቡ፤ ሮቦቱ አዲስ ገጽ ሲጨመር ቶሎ እንዲያገኘው ይረዳዋል።

ቀጥሎ ሮቦቱ ምን እንዳነበበ እንይ። የኛ ነጋዴ የቀሚሶቹን ስም፣ መጠንና የጨርቅ ዓይነት በሚያምር ፖስተር ላይ አስጽፋ ነው የለጠፈችው። ለሰው ዓይን ግሩም ነው። ለሮቦቱ ግን ፖስተሩ ፎቶ ነው፤ በላዩ የተጻፈው ሁሉ እንደ ገጹ ጽሑፍ አይቆጠርላትም። ጽሑፉ በተራ ፊደል ከፎቶው ሥር መጻፍ አለበት። የቆዩ ድረ-ገጾች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ላያችን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው የላቲን ምልክት ስለሆነ ማንም በአማርኛ ፈልጎ አያገኘውም።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ሰርች ኮንሶል ውስጥ ያለው የአፈጻጸም ሪፖርት ሰዎች ምን ብለው ሲጽፉ ገጽዎ እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካና በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደነበረ እስከ 16 ወር ወደኋላ ያሳያል። የጥቂት ሰዎች ብቻ የሆኑ ፍለጋዎች ለምስጢር ሲባል ይቀነሳሉ፤ የቀረው ግን የደንበኛው የራሱ አጻጻፍ ነው፣ ሳይታረም።

አማርኛ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ «ሐበሻ» ይላል፣ ሌላው «ሀበሻ»፣ ሌላው «አበሻ»። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገው ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ነጋዴዋ በአንዱ ብቻ ጽፋ ሌሎቹን ሁሉ ጎግል ያቻችልልኛል ብላ መተማመን የለባትም። ሪፖርቱን ትይ፤ ብዙ ሰው የሚጽፈውን በገጹ ርዕስ ላይ ታድርግ፣ ሌሎቹ በጽሑፉ መሀል በየቦታቸው ይግቡ፣ ለላቲኑ የእንግሊዝኛ ገጽ ይኑራት። ሁሉንም አጻጻፍ ሃያ ጊዜ መደርደር ግን ጎግል በግልጽ የሚከለክለው ማጭበርበር ስለሆነ ያስቀጣል።

ሌላም የሚነበብ አለ። «አበሻ ቀሚስ ዋጋ» የሚለው ፍለጋ 400 ጊዜ አሳይቷት 3 ጊዜ ብቻ ተነካች እንበል፤ አማካይ ቦታዋም 14ኛ ነው። ሰዎቹ የጠየቁት ዋጋ ነው፤ የሷ ገጽ ግን «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። የጠየቁትን ያልመለሰ ገጽ ወደፊት የሚሰለፍበት ምክንያት የለም። ዋጋው ይጻፍ። በአንጻሩ 3ኛ ሆና እየታየች የሚነካት ከጠፋ ችግሩ ርዕሱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ «መነሻ ገጽ» ከሚል ርዕስ «የአበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ፦ ዋጋና የመላኪያ ጊዜ» የሚለው ሰው ይጠራል። አገሮች የሚለውን ክፍል ስትከፍት አብዛኛው ተመልካች ከአሜሪካ ከሆነ ዋጋውን በዶላርም ትጻፍ።

የቀሩት መሣሪያዎች አጋዥ ናቸው። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ገጹ በስልክ ላይ ምን ያህል እንደሚዘገይ ይለካል፤ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው፣ ከስልክ እንዳለ የተጫነ ግዙፍ ፎቶ ግን ይህን ያበላሻል። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ሱቋን ካርታ ላይ ያወጣታል። ቢንግ ዌብማስተር ቱልስም ነጻ ነው፣ ድረ-ገጹንና ሳይትማፑን ከሰርች ኮንሶል ማስገባት ይቻላል።

ከመሣሪያዎቹ አንዱም ገጽን በራሱ ከፍ አያደርግም። ያስተካከሉት ነገር ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ቀኑን ይመዝግቡ፣ ከወር በኋላ ሁለቱን ወራት ያነጻጽሩ። ድረ-ገጽ ካለዎት ለማስታወቂያ ከመክፈልዎ በፊት ሪፖርቱን ይክፈቱና ደንበኞችዎ በየትኛው «ሀ» እንደሚጽፉ ያንብቡ።