ስለ ሕንፃ ሥራ ዕዳና ስለ ሠሪዎች መያዣ አመዘጋገብ

የዱቤ ንግድ በእምነት ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ እምነት ብቻውን ዕዳ አያስከፍልም። ዕቃውን በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ዋጋው ባይከፈለው ዕቃውን ሊያስመልስ ያስባል፤ የሕንፃ መሣሪያ የሸጠ ነጋዴ ግን ይህ ተስፋ የለውም። ሲሚንቶው ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኗል፤ የወለሉ ንጣፍ ተለጥፏል፤ ቆርቆሮው በጣራው ላይ ተመትቷል። ዕቃው ከሻጩ እጅ ወጥቶ የሌላ ሰው ቤት አካል ስለ ሆነ፣ ሻጩ ሊይዘው የሚችለው ነገር ቢኖር ቤቱን ራሱን ነው። በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት «መካኒክስ ሊየን» የሚባለውና እዚህ የሠሪዎች መያዣ ብለን የምንጠራው መብት የመጣውም ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

የዚህ መብት የመጀመሪያው ሕግ በዚያ አገር የወጣው በ1791 በሜሪላንድ ነበር። ያን ጊዜ የዋሽንግተን ከተማ በአዲስ መልክ ትሠራ ስለ ነበር፣ ግንበኛውና ዕቃ አቅራቢው ዋጋቸውን እንዳያጡ ሳይሠጉ ወደ ሥራው እንዲገቡ ለማበረታታት የታሰበ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ሕግ አውጥቷል። ቀኖቹና ሥርዓቶቹ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያዩ፣ ከዚህ በታች የሚነገረው የካሊፎርኒያ ሕግ ብቻ ነው። ይህም የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ያለው ሠፈር በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል፤ በዚያም ሆነ በሌሎቹ የካሊፎርኒያ ከተሞች ሱቅና ምግብ ቤት የሚያሠሩ፣ የሕንፃ ሥራ የሚይዙ፣ ዕቃም የሚያቀርቡ ኢትዮጵያውያን አሉ።

በካሊፎርኒያ የሠሪዎች መያዣ በ1879 በወጣው ሕገ መንግሥት ውስጥ ሳይቀር የተጻፈ መብት ነው። ዝርዝሩ የሚገኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት አቋሙ የጸናው ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ነው። መብቱ ለዋናው ሥራ ተቋራጭ፣ ከእርሱ ሥር ሥራ ለተቀበለው ንዑስ ተቋራጭ፣ ለዕቃ አቅራቢ፣ መኪናና መሣሪያ ላከራየ ሰው እንዲሁም ለቀን ሠራተኛ ተሰጥቷል። ነገር ግን የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ሲገባ ያለ ፈቃድ የሠራ ተቋራጭ ዋጋውን መጠየቅ አይችልም፤ መያዣም አያገኝም። የመንግሥት ሕንፃም በዚህ መንገድ አይያዝም፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ዋጋው የሚጠየቀው ገንዘቡን በማሳገድና ከተቋራጩ ዋስ ነው።

መብቱ በሕግ ይሰጥ እንጂ በቸልተኝነት ይጠፋል። ነጋዴው በየተራው ሊፈጽማቸው የሚገቡት ነገሮች አራት ናቸው።

1ኛ፤ የቅድሚያ ማስታወቂያ። ከባለንብረቱ ጋር በቀጥታ ያልተዋዋለ ሰው፣ ይኸውም ዕቃ አቅራቢውና ንዑስ ተቋራጩ፣ ሥራውን ወይም ዕቃውን መስጠት ከጀመረ በ20 ቀን ውስጥ ለባለንብረቱ፣ ለዋናው ተቋራጭና ለሥራው ገንዘብ ያበደረ ባንክ ካለ ለባንኩ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በእጅ ማድረስ ይቻላል፤ በፖስታ ከሆነ ግን በአደራ ደብዳቤ ወይም ማስረጃ በሚገኝበት በሌላ የተፈቀደ መንገድ መላክ ያስፈልጋል። ዋናው ተቋራጭ ማስታወቅ ያለበት ለአበዳሪው ብቻ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። ብዙ ነጋዴ ይህን ማስታወቂያ የጠብ ደብዳቤ አድርጎ ስለሚያየው ደንበኛዬ ይቀየመኛል ብሎ ይተወዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ማስታወቂያው ክስም ወቀሳም አይደለም፤ ለባለንብረቱ «እኔም በዚህ ሥራ ውስጥ አለሁ» ማለት ብቻ ነው።

2ኛ፤ መያዣውን ማስመዝገብ። መያዣው የሚመዘገበው ሕንፃው በሚገኝበት ካውንቲ፣ ማለት አውራጃ፣ በመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ነው። ካሊፎርኒያ 58 ካውንቲዎች አሏት፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መዝጋቢ ዋና ጽሕፈት ቤት በኖርዎክ ከተማ ነው። በሌላ ካውንቲ የተመዘገበ መያዣ ቤቱን አይነካውም። ጊዜው የሚቈጠረው ሥራው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ሲሆን 90 ቀን ነው። ይሁን እንጂ ባለንብረቱ ሥራው በተፈጸመ በ15 ቀን ውስጥ የሥራ መፈጸሚያ ማስታወቂያ ያስመዘገበ እንደሆነ ጊዜው ያጥራል፤ ከዚያ ምዝገባ ጀምሮ ለዋናው ተቋራጭ 60 ቀን፣ ለሌሎቹ ሁሉ 30 ቀን ብቻ ይሆናል። ሥራው በይፋ ሳይፈጸም ለ60 ቀን በተከታታይ የቆመ እንደሆነም እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል።

3ኛ፤ ክስ። መያዣው ከተመዘገበ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ባለመብቱ ካልከሰሰ መያዣው ዋጋ የለውም፤ ባለንብረቱም ፍርድ ቤት አመልክቶ ከመዝገብ ሊያሠርዘው ይችላል።

4ኛ፤ የክርክር ማስታወቂያ። ክሱ ከቀረበ በ20 ቀን ውስጥ ክርክር መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በዚያው በመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ቤቱን የሚገዛ ሦስተኛ ሰው እንዲያውቀው ነው።

የመያዣው ጽሑፍ ምን ምን እንደሚይዝ ሕጉ ወስኗል። የተከፈለውና የሚቀናነሰው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ዕዳ፣ የባለንብረቱ ስም፣ የተሰጠው ሥራ ወይም ዕቃ ዓይነት፣ ያዘዘው ሰው ስም፣ ሕንፃው ተለይቶ የሚታወቅበት አድራሻ፣ የጠያቂውም አድራሻ ሊጻፉ ይገባል። ጠያቂው ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋግጦ ይፈርማል። ከዚህም ጋር ሕጉ ቃል በቃል ያዘዘው ማስጠንቀቂያ ይያያዛል፤ ግልባጩም ለባለንብረቱ በፖስታ ተልኮ የመላኪያው ማረጋገጫ አብሮ ይቀርባል። ለባለንብረቱ ያልተላከ መያዣ አይጸናም። መዝጋቢው የጽሑፉን መልክ ይመለከታል እንጂ የዕዳውን እውነትነት አይመረምርም፤ ስለዚህ «መዝጋቢው ተቀብሎኛል» ማለት «መብቴ ጸንቷል» ማለት አይደለም። ሆነ ብሎ ሐሰተኛ መጠን የጻፈ ሰው መያዣውን ጨርሶ ያጣል።

ነገሩ በምሳሌ ይብራራል። አንድ የወለል ንጣፍ ነጋዴ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ለሚታደስ ሱቅ ለንዑስ ተቋራጩ በዱቤ ንጣፍ ሸጠ እንበል። ማርች 2 ቀን የ9,000 ዶላር፣ ማርች 16 ቀን የ4,000 ዶላር፣ ኤፕሪል 6 ቀን የ5,400 ዶላር ዕቃ አስረከበ፤ ጠቅላላው 18,400 ዶላር ነው። የቅድሚያ ማስታወቂያውን እስከ ማርች 22 ቀን ቢልክ ገንዘቡ በሙሉ በሱቁ ላይ መያዣ ይኖረዋል። ዘግይቶ ኤፕሪል 20 ቀን የላከ እንደሆነ ግን ማስታወቂያው ወደ ኋላ የሚሸፍነው 20 ቀን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከማርች 31 ቀን ወዲህ የተሰጠውን። ስለዚህ መያዣ የሚኖረው ለ5,400 ዶላሩ ብቻ ሲሆን፣ በ13,000 ዶላሩ ነጋዴው ያለ መያዣ ቀርቷል። ዕዳው አልጠፋም፤ ነገር ግን ሊጠይቀው የሚችለው ንዑስ ተቋራጩን ብቻ ነው። ያም ሰው ኪሳራ የደረሰበት እንደሆነ ፋክቱሩ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው ጁን 30 ቀን ተፈጸመ እንበል። ባለንብረቱ ምንም ካላስመዘገበ ነጋዴው እስከ ሴፕቴምበር 28 ቀን ጊዜ አለው። ባለንብረቱ ጁላይ 10 ቀን የመፈጸሚያ ማስታወቂያ ያስመዘገበ እንደሆነ ግን የነጋዴው የመጨረሻ ቀን ኦገስት 9፣ የዋናው ተቋራጭ ሴፕቴምበር 8 ይሆናል። ነጋዴው ኦገስት 5 ቀን ቢያስመዘግብ እስከ ኖቬምበር 3 ቀን መክሰስ አለበት። እንግዲህ ገና ዘጠና ቀን አለኝ ብሎ በሰላም የተቀመጠ ሰው፣ ባለንብረቱ መዝጋቢው ዘንድ ሄዶ መመለሱን ሳያውቅ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል። በሕጉ መሠረት ባለንብረቱ የመፈጸሚያውን ማስታወቂያ ግልባጭ በ10 ቀን ውስጥ ሊልክለት የሚገባው፣ ከዋናው ተቋራጭ በቀር፣ የቅድሚያ ማስታወቂያ ለላከ ሰው ነው። የቅድሚያው ማስታወቂያ ሁለተኛው ጥቅም ይህ ነው። ቢሆንም አራት ወይም ከዚያ ያነሱ መኖሪያዎች ያሉትን ቤት ይዞ በውስጡ የሚኖር ባለቤት ይህ ግዴታ ስለሌለበት፣ በእንዲህ ያለው ቤት ላይ የሚሠራ ነጋዴ መዝገቡን ራሱ መጠበቅ ይገባዋል።

ባለሱቁም በበኩሉ ይህን ሕግ ማወቅ አለበት። ለዋናው ተቋራጭ ሙሉውን ዋጋ የከፈለ ሰው፣ ተቋራጩ ለዕቃ አቅራቢው ሳይከፍል የቀረ እንደሆነ፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ እስከ መክፈል ሊደርስ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው። የቅድሚያ ማስታወቂያ የላኩትን ሁሉ በዝርዝር መያዝ፣ በየክፍያውም ጊዜ ከእያንዳንዳቸው የመብት መተዊያ ጽሑፍ መቀበል ነው። ሕጉ ለዚህ አራት ዓይነት ጽሑፎች አዘጋጅቷል፤ ከፊሎቹ ክፍያው ሲደርስ የሚጸኑ፣ ከፊሎቹ ያለ ምንም ሁኔታ ወዲያው የሚጸኑ ናቸው። ነጋዴውም ገንዘቡ በእጁ ሳይገባ ያለ ሁኔታ መብቱን በሚያስተው ጽሑፍ ላይ መፈረም የለበትም፤ ቼኩ ተመላሽ ቢሆን መያዣውም አብሮ ይሄዳልና። በመያዣው የሚከራከር ባለንብረት የዕዳውን 125 በመቶ የሚሸፍን ዋስትና አስመዝግቦ ቤቱን ነጻ ሊያወጣ ይችላል፤ በምሳሌያችን 23,000 ዶላር መሆኑ ነው።

የተከራየውን ሱቅ የሚያሳድስ ሰውም አለ። አከራዩ ሥራው መጀመሩን ካወቀ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ኀላፊነት እንደሌለበት የሚገልጽ ማስታወቂያ በሥራው ቦታ ለጥፎ በመዝጋቢው ዘንድ ካላስመዘገበ፣ መያዣው በእርሱም ንብረት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ለተከራይ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሱቁ የማን እንደ ሆነ ከመዝገቡ አስቀድሞ ማየት ይበጀዋል።

ይህን ትምህርት በአገራችን ሕግ ብንመዝነው የሚለይበትም የሚመሳሰልበትም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቀጥታ ከሕግ የሚገኝ መያዣ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሻጭ ይሰጣል፤ ሲሚንቶና ብረት በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ግን በቤቱ ላይ መያዣ ከፈለገ ከባለንብረቱ ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ፣ የዕዳውን ልክ በገንዘብ አስገልጦ መቀበል ይኖርበታል። በማንኛውም መንገድ የተገኘ መያዣ የሚጸናው ንብረቱ በሚገኝበት ስፍራ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። በሁለቱም አገር ሕጉ የሚጠብቀው በሰዓቱ የጻፈውንና ያስመዘገበውን ነው።

እንግዲህ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ለያንዳንዱ ሥራ አንድ ዶሴ ይክፈት። በውስጡም የባለንብረቱን ስም፣ የሕንፃውን አድራሻ፣ መጀመሪያ ዕቃ የተሰጠበትን ቀን፣ የመረከቢያ ደረሰኞቹን፣ የፖስታ ማስረጃዎቹንና የእያንዳንዱን ጊዜ መጨረሻ ቀን አስቀድሞ ይጻፍ። አንድ የአደራ ደብዳቤ የሚያስወጣው ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ሳይላክ የቀረ ግን የአንድን ዓመት ትርፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የተጠራጠረበትንም ነገር ቀኑ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ቀኑ ሳያልፍ ለሕግ ዐዋቂ ያማክር።