አገዳው የማን ነው? (ስለ እርሻ ትምህርት)

በአርትስ ተማሪዎች መካከል የእርሻ ትምህርት ሲነሣ አንድ የቆየ ቀልድ ይሰማል፤ «ከገበሬ ቤት ወጥቶ የመጣ ሰው ዳግመኛ የበሬ ጭራ ሊከተል ነውን?» ይባላል። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን ስለ እንስሳት፣ ስለ ገጠር ኑሮና ስለ አካባቢ ተፈጥሮ የሚሰጠው ትምህርት ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ተራ ዕቃ፣ ይኸውም በማሽላ አገዳ፣ ልንመረምረው አሰብን። ቦታውም ሐረርጌ ይሁን።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ሲዘራ አጥብቆ ይዘራል። ለማያውቀው ሰው ዘር ማባከን ይመስላል። ነገር ግን ቡቃያው ከፍ ሲል እያሳሳ ይነቅልና ከደጁ ለታሰረው ሰንጋ በእጁ ያቀርብለታል፤ ቀጥሎ የታችኛውን ቅጠል ይለቅምለታል፤ እህሉ ከታጨደም በኋላ አገዳው ይከተላል። የጫቱ ገረባ እንኳ በከንቱ አይጣልም። የሐረር ሰንጋ በገበያ ስሙ የተጠራው በዚህ አያያዝ ነው። አንዱ ማሳ የሰውን እህልና የከብቱን መኖ በአንድነት ያበቅላል ማለት ነው። ይህን ዘዴ ለገበሬው ያስተማረው ፕሮፌሰር የለም፤ ይልቁንም ምሁራኑ ናቸው ከእርሱ ያጠኑት።

እንግዲህ ሳይንሱ ምን ይጨምራል? የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ፣ በሬ አገዳን በራሱ ኃይል ማፍረስ የማይችል መሆኑን ይማራል። ሥራውን የሚሠሩለት አራት ክፍል ካለው ሆዱ በትልቁ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። እነርሱም የሚበረቱት ናይትሮጅን ሲያገኙ ነው። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ገደማ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፤ በሬውም ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይከሳል። የደረቀ የማሽላ አገዳ ደግሞ ከዚህ ልክ በታች ነው። የባቄላ ወይም የሌላ ጥራጥሬ ገለባና ቅጠል ሲጨመርበት ግን አገዳው ራሱ ከፊተኛው ይልቅ ይፈጫል። ስለዚህ ይህ ተማሪ አገዳው ለበሬ ነው ይላል።

የአፈር ተማሪ በዚህ አይስማማም። አገዳውም እበቱም ከማሳው ወጥተው ካልተመለሱ አፈሩ ይደኸያል፤ በደኸየ አፈር ላይም አቀንጭራ ይበረታል። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይዞ ምግቡን የሚጠባ አረም ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚለቀው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃል፤ ማሽላው ጠላቱን በራሱ ድምፅ ይጠራል ብንል ያስኬዳል። በአለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህንኑ መርምረው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ምርጡ ዘር እንኳ የሚበጀው ግን አፈሩ ሲዳብርና እርጥበቱ ሲጠበቅ ነው።

የቤቱ እመቤትስ? ኮረብታው ተመንጥሮ እንጨት ጠፍቷል። አገዳውን ወይም ኩበቱን ካላነደደች እራት የለም። አጥሩም ቢሆን ከአገዳ ነው የሚታጠረው።

ሦስቱም ልክ ናቸው፤ አገዳው ግን አንድ ነው። የገጠር ሳይንስ የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። በቤቱ ውስጥ የሚወስነው ማን ነው? የሰንጋው ገንዘብ በማን እጅ ይገባል? ማገዶውን የሚሸከመውስ ማን ነው? ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ጥያቄ አይደለም፤ እኛ በየቀኑ የምንማረው የኢኮኖሚክስ፣ የሕግና የታሪክ ጥያቄ ነው።

ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ኮሌጅ ትምህርቱን በ1945 ዓ.ም. በጅማ ጀመረ፤ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ረዳትነት ተቋቁሞ በ1949 ዓ.ም. ወደ አለማያ ሐይቅ አጠገብ ገባ። የመጀመሪያው አሳብ ማስተማር፣ መመራመርና ገበሬውን ማማከር በአንድ ጣራ ሥር እንዲሆኑ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ግን የገበሬው ምክር ወደ እርሻ ሚኒስቴር፣ የአገሪቱ ምርምርም ወደ ሌላ ተቋም ተላለፈ። ለዚህ የአስተዳደር ምክንያት አይጠፋም፤ ለገበሬው ግን አንድ የነበረው ጉዳይ በሦስት ቢሮ ተከፈለ።

ሐይቁም በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደረቀ። ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ሞላው፤ ፓምፑ ለጫትና ለአትክልት ሳበው፤ የሐረር ከተማም ትጠጣው ነበር። ጫት የተከለው ገበሬ አላወቀም ማለት አይቻልም፤ ከማሽላ ይልቅ ጫት ገንዘብ ያመጣለታል፤ ልጁንም ያስተማረው በዚያው ነው። ታዲያ የሐይቁን መድረቅ አስቀድሞ ማየት የየትኛው ክፍል ሥራ ነበር? የአፈር ተማሪው ደለሉን፣ የመስኖ ተማሪው ፓምፑን ቢቈጥር፣ የጫቱን ዋጋ ማን ይቈጥራል? ውሃ የጋራ ሲሆን ማን ስንት ይቅዳ የሚለውን ደንብስ ማን ይጽፈዋል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሐይቁ ስፍራ ውሃ ተመልሶ ታይቷል። ያ ደንብ ግን በበሬ ሆድ ውስጥም ሆነ በአፈር መመርመሪያ ብርጭቆ ውስጥ አይገኝም።