ቶርኖ ሲንቀጠቀጥ

የወፍጮ ዘንግ ሲበላ ወደ ከተማ ይወሰዳል። የሚወሰደውም ወደ ቶርኖ ቤት ነው። ዘንጉ ተጠግኖ እስኪመጣ ድረስ ወፍጮው ይቆማል። እህሉ በአህያ ተጭኖ ሩቅ ወዳለ ወፍጮ ይሄዳል። አህያ በሌለበት ቤት ደግሞ እናቶች እንደ ድሮው በድንጋይ ይፈጫሉ። ስለዚህ የቶርኖ ነገር የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለመሆኑ ቶርኖ ምንድን ነው? ቶርኖ ብረትን እያሽከረከሩ የሚፍቁበት ማሽን ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እንዝርት ስትሾር ሁላችሁም አይታችኋል። በቶርኖ ላይም ዘንጉ እንደ እንዝርት ይሾራል። ዘንጉን ነክሶ የሚይዘው ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት መንጋጋ ዕቃ ቻክ ይባላል። ከዘንጉ የጠነከረ ስለታም ብረት ከጎን ተጠግቶ ይፍቀዋል። ይህንን መቁረጫ እንበለው። መቁረጫው በጋሪ ላይ ታስሯል፤ ጋሪው በማሽኑ ሐዲዶች ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ከሐዲዶቹ ጫፍ ደግሞ ሹል ደጋፊ አለ። ረጅም ዘንግ ሲሆን ይህ ሹል የዘንጉን ሌላ ጫፍ ይደግፋል።

ቶርኖ በደህና ሲሠራ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። የተፋቀውም ገጽ ይለሰልሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማሽኑ ድንገት መጮህና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ብታዩት እንደ ኮሮኮንች መንገድ ሞገድ ሞገድ ሠርቷል።

እንዲህ ያለ ዘንግ ወደ ወፍጮው ቢመለስ ምን ይሆናል? ኩሽኔታው ዘንጉን የሚነካው በሞገዱ አናት አናት ላይ ብቻ ነው። አናቱ ቶሎ ይበላል። ዘንጉ ይላላል፤ ኩሽኔታው ይግላል፤ ወፍጮው እንደገና ይቆማል። ለአንድ ሥራም ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

መንቀጥቀጡ ከየት ይመጣል? የኮሮኮንቹን መንገድ አስቡ። የመኪና ጎማ በትንሽ ጉብታ ላይ ሲዘል ከማዶ ወድቆ መሬቱን ይጎደጉዳል። ከኋላ የሚመጣው መኪናም እዚያው ይዘላል፤ ጉድጓዱንም ያሰፋዋል። ቶርኖም እንዲሁ ነው። መቁረጫው አንዴ ከተርገበገበ ዘንጉ ላይ ሞገድ ይተዋል። ዘንጉ ዞሮ ሲመጣ መቁረጫው የራሱን ሞገድ ያገኘዋል፤ እንደገናም ይዘላል። በዚህ ዓይነት መንቀጥቀጡ ራሱን እየመገበ ያድጋል። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስለ ብረት ቆረጣ 26 ዓመት ያህል ሲመራመር ኖሮ፣ ለቶርኖ ሠራተኛ ከሁሉ የረቀቀው ችግር ይኸው መንቀጥቀጥ መሆኑን በ1907 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፉ ገልጿል።

በቶርኖ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰማ ንግግር አለ። ገበሬው፣ «ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ይላል። ሠራተኛውም፣ «አባባ፣ ማሽኑ እኮ አርጅቷል» ብሎ ይመልሳል። እርግጥ ያረጀ ማሽን ይላላል። ይሁን እንጂ እርጅና የመጨረሻው ምክንያት እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ያረጀ ቶርኖ በደንብ ከተዘጋጀ ለወፍጮ ዘንግ የሚበቃ ሥራ ይሠራል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የርዝመት ነገር ነው። ሽመል ከሥሩ ይዛችሁ ብትወዘውዙት ጫፉ ይርገበገባል። ከጫፉ አጠገብ ብትይዙት ግን አይነቃነቅም። መቁረጫውም ከማሰሪያው ብዙ ከወጣ እንደ ሽመሉ ጫፍ ይሆናል። የመቁረጫው ቁመት 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከማሰሪያው የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዘንጉም እንደዚሁ። ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ከቻክ ውጭ እስከ 120 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለ ደጋፊ ሊፋቅ ይችላል። ማለትም የውፍረቱን 3 እጥፍ ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ሹሉ ደጋፊ ይግባለት። ርዝመቱ የውፍረቱን 10 እጥፍ ከበለጠ ደግሞ ከመሐሉም ሌላ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የወፍጮ ዘንግ ረጅም ስለሆነ ብዙው ጩኸት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ቀጥሎ ስለቱ ይታይ። የደነዘዘ ስለት አይቆርጥም፤ ይገፋል። ጫፉ ከመጠን በላይ የዶለዶመ ከሆነም ብዙ ቦታ ስለሚነካ ይጮኻል። ስለቱ ደግሞ ከዘንጉ መሐል ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ማሽኑ ቆሞ ሳለ፣ ስስና ቀጥ ያለ የላሜራ ቁራጭ በስለቱ ጫፍና በዘንጉ መካከል ቀስ ተብሎ ይያዝ። ላሜራው ቀጥ ብሎ ከቆመ ከፍታው ልክ ነው። አናቱ ከሠራተኛው ርቆ ወደ ዘንጉ ካዘነበለ ስለቱ ከፍ ብሏል። አናቱ ወደ ሠራተኛው ካዘነበለ ደግሞ ዝቅ ብሏል።

ከዚያ ፍጥነት ነው። በተለመደው የብረት መቁረጫ ለስላሳ ብረት ሲፋቅ፣ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል በስለቱ ሥር ቢያልፍ ተስማሚ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ ይህ በደቂቃ 160 ዙር ገደማ ይሆናል። ማሽኑ ከጮኸ ፍጥነቱን መቀነስ ይገባል። የጋሪውን ጉዞ ግን መቀነስ ሁልጊዜ አይጠቅምም። ጋሪው በጣም ከዘገየ ስለቱ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ያሻል። እንዲያውም ጉዞውን ትንሽ ሲጨምሩለት ጩኸቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ወፍጮ ላይ የተበላ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በብየዳ ይሞላል። የብየዳው ገጽ ጎርባጣና ጠንካራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍቂያ ከብየዳው ቆዳ በታች ጠልቆ መግባት አለበት። ላይ ላዩን ብቻ ከነካካው ስለቱ ይዘላል፤ ቶሎም ይደነዝዛል። የብየዳ ሙቀት ዘንጉን አጣምሞት እንደሆነም ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ማሽኑ አሁንም ቢንቀጠቀጥ፣ ያን ጊዜ ወደ ማሽኑ ገላ ይኬዳል። የመቁረጫውን ጋሪ የሚያጠብቅ እንደ ሽብልቅ ያለ ብረት አለ። ሞፈርና ድግር ሲላሉ ማረሻው እንደሚወላገድ፣ ይህም ሲላላ መቁረጫው ይወላገዳል። ጋሪው እየከበደ ግን ሳይቆም እስኪሄድ ድረስ ይጠበቅ። የቻኩን ኩሽኔታ ለመፈተን ደግሞ ማሽኑን አቁሞ፣ በቻኩ ጠንካራ ብረት አስነክሶ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት ነው። ከተንቃቃ ላልቷል። በኃይል ማጥበቅም ግን አደጋ አለው፤ ኩሽኔታው ግሎ ይቃጠላል።

አንዳንዴ ጩኸት ሳይኖር ዘንጉ በአንድ ጫፍ ይወፍርና በሌላው ይቀጥናል። ይህ የአቀማመጥ ችግር ነው። ወፍራሙ ጫፍ በሹሉ ደጋፊ በኩል ከሆነ፣ ደጋፊው በጥቂቱ ወደ መቁረጫው ጎን መሳብ አለበት። ዘንጉ ያለ ደጋፊ ተይዞ ይኸው ከታየ ግን ሐዲዶቹ ተጣመው ሊሆን ይችላል። ያረጀ ቶርኖ በተሰነጠቀ ወለል ላይ ቆሞ፣ ከእግሩ ሥር እንጨት ተወሽቆለት ታገኙታላችሁ። ውሃ ልክ በሐዲዶቹ ላይ በአግድም አስቀምጦ በሁለቱም ጫፍ ማየት ያስፈልጋል። አረፋው በሁለቱም ቦታ እኩል መቆም አለበት። የግንበኛ ውሃ ልክ ለዚህ ሥራ ሸካራ ነው፤ የማሽን ውሃ ልክ ይሻላል።

ሠራተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። ሁሉን ባንዴ ከነካካ የቱ እንደፈወሰው አያውቅም።

እናንተም ቶርኖ ቤት ስትገቡ ጋቢና ነጠላችሁን አውልቁ። የሚሽከረከር ቻክ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውን ጎትቶ ይወስዳል። ዘንጉን ለመንካትም ማሽኑ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ። ከቆመ በኋላ ጥፍራችሁን በርዝመቱ ጎትቱበት፤ ሞገድ ካለ ጥፍር ይነግራችኋል። ዘንጉን ስትወስዱ ኩሽኔታውንም ይዛችሁ ሂዱ። ሠራተኛው በእርሱ ልክ ይፋቀው፤ ከመክፈላችሁ በፊትም እዚያው አግብቶ ያሳያችሁ።