ከመፍቻው በፊት «መቼ?» እንበል
ቤንዚን የሚበዛበት አሮጌ ሞተር ብስክሌት እንዴት ይመረመራል?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እንደ ውዳሴ ማርያም ደግመናቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ «መቼ» የምትለዋ ብዙ ጊዜ ቀንና ሰዓት ለመጻፍ ብቻ የምታገለግል ትመስለናለች። በዚህ ጽሑፍ ግን ይህችው ጥያቄ ጋራዥ ስትገባ ምን ያህል ገንዘብ እንደምታድን ለማሳየት እሞክራለሁ። ነገሩ ከትምህርት ክፍላችን የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገ ለዘገባ ገጠር ስንወጣ የሚያደርሰን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ብስክሌት ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ሆንዳ ሲጂ 125ን ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረቡት፣ 124 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ያለው ነው። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ቀድተውታል። ስለዚህ እዚህ የምንለው ለእነሱም ይሠራል።

ካርቡሬተር ምን ይሠራል?

እንደሚታወቀው ቤንዚን ያለ አየር አይቃጠልም። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን የሚያመጣጥነው ካርቡሬተር ነው። ከሥሩ ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለችው። በውስጧ ያለው ተንሳፋፊ ልክ እንደ ሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ኳስ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ይልና መግቢያውን በትንሽ መርፌ ይዘጋል። ከዚያ ቤንዚኑ ጄት በሚባሉ ቀጭን ቀዳዳ ባላቸው የነሐስ ብሎኖች አልፎ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ቤንዚኑ ከመጠን ካለፈ ወይም አየሩ ካነሰ «ቤንዚን በዛበት» እንላለን።

ምልክቶቹስ?

ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ነዳጅ ቶሎ ያልቃል፤ ጠዋት በብርድ ደህና የነበረው ሞተር ሲሞቅ ይንተፋተፋል፣ ሚኒሞ አልይዝ ይላል። ነገር ግን ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ነው የሚናገረው። ጠዋት ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንፋሎት ነው።

ዋናው ምስክር ካንዴላው ነው። ሞተሩ ሲበርድ ፈትታችሁ ጫፉን እዩት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። እንደ ጥላሸት ደረቅና ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁር ሆኖ በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ፋሻና ቫልቭ ይጠረጠራሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ እሳቱ የደከመ ካንዴላም ይጠቁራል። ስለዚህ ካርቡሬተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት አዲስ ካንዴላ ሞክሩ።

መቼ ነው የሚብስበት?

የጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚሰጥበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ነዳጅ መስጫው በተከፈተ መጠን ሥራው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት ሩብ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እየነዳችሁ የት ላይ እንደሚብስ መዝግቡ።

ከሚኒሞ እስከ ሩብ ከሆነ ትንሿን ጄትና የማስተካከያዋን ብሎን ጠርጥሩ። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ከሆነ ከነዳጅ መስጫው ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ረጅም መርፌና የሚገባበትን ቱቦ እዩ፤ በዕድሜ ብዛት ተፋግተው ክፍተቱ ይሰፋል። ከሦስት ሩብ በላይ ከሆነ ዋናው ጄት ነው። በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ግን ችግሩ የጋራ ነው፤ ቾክ፣ የአየር ማጣሪያ ወይም ተንሳፋፊ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከቀላሉና ገንዘብ ከማይጠይቀው መጀመር ይሻላል።

1ኛ. ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን አረጋግጡ። በደጋ ብርድ ጠዋት ተስቦ እዚያው የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

2ኛ. የአየር ማጣሪያውን አውጡ። ስፖንጅ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ነክቶት ይመለስ። ዘይቱ ከበዛም አየር ይዘጋል። የወረቀት ከሆነ ይቀየር። ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ግን መፍትሔ አይደለም፤ አቧራው ሞተሩን ይበላዋል።

3ኛ. ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ቀጭን ጎማ ቤንዚን ይንጠባጠባል? እንግዲያው መግቢያው አልዘጋም ማለት ነው። ቆሻሻ ገብቶ፣ የመርፌው ጫፍ አልቆ ወይም ተንሳፋፊው ተቀዶ ይሆናል። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተሰማ ተቀዷል።

4ኛ. የማስተካከያዋን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት በቀስታ እስክትቆም አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደዞረች ጻፉ። ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ስለሆነ መላላቷ ቤንዚኑን ይቀንሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነች ግን የተገላቢጦሽ ነው።

5ኛ. ጄቶቹን አውጥታችሁ ቁጥራቸውን አንብቡ። በሽቦ አትጎርጉሯቸው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ሌላ ችግር ትፈጥራላችሁ። በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ብቻ ይጽዱ።

በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ሞክሩ። ሦስት ነገር ባንዴ ከነካችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

ከፍታም ቤንዚን ያበዛል

አገራችን ላይ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። ካርቡሬተር የአየርን ክብደት አይመዝንም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በ1200 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ልኩን የያዘ ሞተር ብስክሌት፣ ወደ 2800 ሜትር ወደሚጠጋው ደብረ ብርሃን ሲወጣ ምንም ሳይበላሽ ቤንዚን ይበዛበታል። መፍትሔው በቁጥር አነስ ያለ ዋና ጄት ነው። ይሄው ሞተር ብስክሌት ተመልሶ ቆላ ሲወርድ ግን የድሮው ጄት ይመለስለት። ያለበለዚያ ቤንዚን ያንሰውና ከመጠን በላይ ይግላል።

አጎቴ የገጠማቸው ይኸው ነው። የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ወደየቀበሌው የሚመላለሱት ከድሬዳዋ በተገዛ አሮጌ ሲጂ 125 ነው። ጭሱ ሲበዛ አንድ ጋራዥ ወሰዱት። መካኒኩም ካንዴላውን ሳይፈታ «ጋሼ፣ ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» አላቸው። የጠየቃቸው ዋጋ ከወር ደመወዛቸው ይበልጣል። እሳቸውም ሞተር ብስክሌቱን ለመሸጥ ተነሱ። ካንዴላው ሲፈታ ግን ደረቅ ጥላሸት ነበር፣ የዘይት ጠብታ የለበትም። መቼ እንደሚብስበት ስንመዘግብ በሁሉም ቦታ ያጨሳል፣ ሦስት ሩብ ሲያልፍ ግን ይታፈናል። ማጣሪያው ሲጸዳ የታችኛው ተስተካከለ፤ የላይኛው ቀረ። ትንሽ ጄት ሲገባለት እሱም ተስተካከለ። ሞተሩ አልወረደም፤ ሞተር ብስክሌቱም አልተሸጠም።

ነገሩን ግን ለነገ ማለት አይገባም። የተረፈው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እያጠበ ያወርዳል፤ ያኔ ፋሻው እውነትም ያልቃል። የሞተር ዘይታችሁ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ካርቡሬተሩን ካስተካከላችሁ በኋላ ዘይቱን ቀይሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል። ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ፣ በር በተዘጋ ቤት ወይም በረንዳ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

እንግዲህ ጭስ ያየ ሁሉ «ሞተሩ አልቋል» ቢል አይፈረድበትም፤ ጭሱ በርግጥ ይታያል። ፍርዱን ከመስጠት በፊት ግን ካንዴላውን ማየት፣ «መቼ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።